ያልተቀመጠችበት ወንበር

የልዩ ፍላጎት መምህርቷ የአንድን ክፍል አቀማመጥ ከመነካካቷ በፊት፣ ክፍሉ ውስጥ ባለ ወንበር ሁሉ ላይ የመቀመጥ ልማድ አላት። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ በሩን ዘግታ ከፊተኛው ረድፍ ትጀምራለች። የምትቀመጠው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው። ጉልበቷን አጥፋ፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ሰሌዳው ትመለከታለች፤ ከሰሌዳው ቀድሞ ዓይኗን የሚነጥቃት ምን እንደሆነ ትጠብቃለች። እዚህኛው ወንበር ላይ የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው። እዚያኛው ላይ የበሩ መስታወት ነው፤ በኮሪደሩ ሰው ባለፈ ቁጥር አንገት ያስዞራል። ወዲያ ማዶ ደግሞ እያቃሰተ የሚበራ ረጅም አምፖል አለ፤ ከሥሩ ለተቀመጠ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ውስጥ ትንኝ እንደገባች ነው።

«ልጆቹ ትኩረት የላቸውም አትበሉ» ትላለች መምህራኑን ሰብስባ ስታሠለጥን። «ትኩረትስ ሞልቷቸዋል። ችግሩ ዝንቡም ሰሌዳውም እኩል መጥራታቸው ነው። የሚጠሯቸውን ነገሮች እንቀንስላቸው፤ ያን ጊዜ ለእኛም ጆሮ ይተርፋቸዋል።»

ገሚሱ መምህር ራሱን ይነቀንቃል። ገሚሱ ሰዓቱን ያያል።

በዚያ ሳምንት ተራ የደረሰው ክፍል ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለይባታል። የጋሼ ጸጥታ ክፍል ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው፤ እግሩ ገና ከደፉ ሳያልፍ «ጸጥታ!» ስለሚል። እሱ ክፍል ውስጥ ዝንብ ሽው ካለች ተጠያቂ አለ። እስክሪብቶ የሚያንቀጫቅጭ፣ እግሩን የሚያማታ፣ ወንበር የሚያወዛውዝ ልጅ ወደ ፊት ወጥቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ይንበረከካል። ወላጆች ይወዱታል። «እሱ እጅ የገባ ልጅ ሰው ይሆናል» ይላሉ። ሰው ሳይሆኑ የቀሩትን ልጆች ወላጆች ግን የጠየቀ የለም። መምህርቷ ይህን ሰው በአፏ «እርስዎ» ትለዋለች። በሆዷ አንድም ቀን ብላው አታውቅም።

ምክንያቱም ታናሽ ወንድሟ ሰው ሳይሆኑ ከቀሩት አንዱ ነበር። ልጅ ሳለ የተሰጠው ወንበር አንድ እግሩ አጠር ያለ ነበር። ልጁ እንደሆነ ድሮም አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ወንበሩ ሲታከልበት ነገሩ ባሰ። ኳ ኳ፣ ኳ ኳ።

«ወንበሩ ነው ጋሼ» አለ አንድ ቀን፣ ተይዞ ሲጠየቅ። «አንድ እግሩ አጭር ነው።»

«ወንበሩ አይደለም» አለ ጋሼ ጸጥታ። «አንተ ነህ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ «ፔንዱለም!» አለው፤ የግድግዳ ሰዓት ዥዋዥዌ ማለቱ ነበር፤ ስሙ በዚያው ተለጠፈ። እህቱ ያን ጊዜ የላይኛው ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ጠመኔ አምጪ ተብላ ተልካ በበሩ መስታወት በኩል አየችው። የመምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ አባታቸው ተጠሩ። «ይህን ልጅ በትምህርት አያድክሙት፤ እጅ ሥራ ያስይዙት» ተባሉ። አባት ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ «እሺ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ያ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው።

ወንድሟ ብየዳ ቤት ገባ። አሁን የራሱ ወርክሾፕ አለው፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ፔንዱለም ብረታ ብረት» ተብሎ ተጽፏል። ምን ማለት ነው ሲሉት «መምህሬ ያወጣልኝ ስም ነው» ብሎ ይስቃል። እሷ ስቃ አታውቅም። ይህን ሙያ የተማረችው በቂም ነው ብትባል አትክድም፤ ደግ ሥራም ቢሆን ማገዶው ቂም ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ንቢቱ አለች። ንቢቱ የሚሏት ስትቆጥር ስለምታንጎራጉር ነው፤ ካላንጎራጎረች ቁጥሩ ይጠፋባታል። ከእሷ ሌላ ፊደል የሚገላበጥባቸው፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላቸው ጥቂት ልጆች አሉ። ጋሼ ጸጥታ ሁሉንም ወደ ኋላ ክፍል ላኩልኝ ብሎ ለርዕሰ መምህሩ አመልክቷል። የኋላ ክፍል የሚባለው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለ የድሮ ዕቃ ቤት ነው። ልጆች «ለጊዜው» ተብለው ይገቡበታል፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው እንጂ ወደ ክፍል የተመለሰ አልታየም።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ አንድ ነገር አዘዘ። ክፍሉ ይስተካከል፤ ሰኞ ጠዋት ገምጋሚ መጥታ አንድ ክፍለ ጊዜ ትመልከት። ማስተካከሉ ከሠራ የኋላ ክፍል ተዘግቶ ልጆቹ ባሉበት ይማራሉ። ካልሠራ ንቢቱና ጓደኞቿ ደብተራቸውን ሰብስበው ወደዚያው ናቸው።

አርብ ከሰዓት መምህርቷ ከወንበር ወንበር ስትዘዋወር ጋሼ ጸጥታ ቦርሳውን ሊወስድ ገብቶ አያት።

«አሁንም ወንበር ለወንበር ነሽ፣ ልጄ?» አለ። «ተማሪ ሳለሽ እንኳ እንዲህ አልተቀመጥሽም።»

«ክፍሉን እያየሁት ነው ጋሼ።»

«ክፍሉ ምን ሆነ? ሠላሳ ዓመት አስተምሬበታለሁ። ችግሩ ያለው ሰዎቹ ላይ ነው።» ቦርሳውን ብብቱ ሥር ወሸቀ። «እንደፈለግሽ አገላብጪው። ሰኞ ሴትዮዋ ትምጣና በዓይኗ ትይ። ማክሰኞ ያቺን የምታንጎራጉር ልጅ ወደ ቦታዋ እሸኛታለሁ። ወንድምሽስ እንዴት ነው? ይወዛወዛል?»

ጥርሷን ነክሳ «ደህና ነው» አለች። እሱ እየሳቀ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ኋለኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ያ ሐሳብ የመጣላትም እዚያ ነው። ከልጆቹ ዓይን የሚነሳ ነገር ሁሉ የት ይሄዳል? ከሰሌዳው ዙሪያ የሚነሡት ቀለም የበዛባቸው ቻርቶች ልጆቹ እንዳያዩዋቸው ከጀርባቸው ይሰቀላሉ፤ ከጀርባቸው ማለት ደግሞ ከመምህሩ ፊት ለፊት ማለት ነው። ልጆቹ ለበሩ ጀርባቸውን ሲሰጡ ኮሪደሩ የሚቀረው ለመምህሩ ነው። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭታም እንዲሁ። የሚያቃስተውን አምፖል ርዕሰ መምህሩ «የሚበራ አምፖል አይጣልም» ስላለ ከልጆቹ ራስ ላይ ወርዶ ሌላ ቦታ መሰካት አለበት፤ ቦታውም ታወቃት።

አንድም ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ሙያዋ የሚያዝዛትን ነው የምታደርገው፤ የልጆቹን ሸክም ታወርዳለች። ማን ላይ እንደምታወርደው ግን መረጠች። ከዚያም ሙያው ያላዘዘውን አንድ ነገር ጨመረችበት።

ወርክሾፑ ስትደርስ ወንድሟ የፊት መከለያውን ወደ ላይ ገልብጦ ከቱቦላሬ ብረት ላይ ዝገት እየፋቀ ነበር። ለልጆቹ የሚሆኑት ዕቃዎች አንድ ጥግ ተደርድረዋል። ቁጭ ማለት ለማይሆንላቸው ቆመው የሚጽፉባቸው ከፍ ያሉ ጠረጴዛዎች ነበሩ። እግራቸው ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ በወንበሩ ሁለት የፊት እግሮች መካከል ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ተወጥሯል፤ ልጁ በእግሩ ሲገፋው ይለጠጣል እንጂ ድምፅ የለውም።

«እታለም፣ ሁሉም ደርሷል» አላት። «የመምህሩ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነው የቀረው።»

የመምህሩ አሮጌ ጠረጴዛ እንደ ሣጥን ፊቱ ሁሉ በጣውላ የተዘጋ፣ የክፍሉን ግማሽ የያዘ ነገር ስለነበር በትንሽ ይተካ ብላ ያዘዘችው እሷው ናት።

«ስማኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወንበሩን… አንድ እግሩን አሳጥረው።»

ብረቱን መፋቁን አቆመ። «የቱን እግር?»

«የፈለግከውን።»

መፋቂያውን አስቀመጠ። «የሰኞው ትምህርት ቢበላሽ ልጆቹ አይደሉ እንዴ የሚባረሩት?»

«ልጆቹን እኔ አውቅላቸዋለሁ። አንተ እግሩን አሳጥር።»

«አይ እታለም! እኔ ረስቼው አንቺ ያዝሽው?»

«ረስተኸው ነው በርህ ላይ የጻፍከው?»

ሳቀ። መከለያውን ወደ ፊቱ መለሰና «እሺ፣ ለእኔ ተይው» አለ።

በሰንበት ዕቃውን በጋሪ አምጥተው ክፍሉን እስከ ማታ አዘጋጁት። አሮጌውን ጠረጴዛ ገፍተው ሲያወጡ ከሥሩ አንዲት የምንጣፍ ቁራጭ ተገኘች፤ አንዱ ቦታዋ ብቻ እስከ ክሯ ተበልቷል። መምህርቷ ጋሼ ጸጥታ ለእግሩ ብርድ ያነጠፋት መስሏት ወደ ቆሻሻ ወረወረቻት። የልጅ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ገልብጣ፣ ዳብሳ፣ ለምን እዚህ ጋ ብቻ ተበላ ብላ በጠየቀች።

አዲሱ ጠረጴዛ ቦታውን ሲይዝ አራት እግርና አንድ አግዳሚ ቱቦላሬ ብቻ ሆኖ ታያት።

«ፊቱን ለምን አልዘጋኸውም?»

«ላሜራ አለቀብኝ» አለ ወንድሟ፤ ወንበሩን ሊያስገባ ወጣ።

ከዚያ የመጨረሻ ዙሯን ዞረች። በየልጁ ወንበር ተቀመጠች። ሰሌዳው ንጹሕ ነው፤ ዙሪያው ባዶ ግድግዳ ነው። ማብሪያውን ጫነች፤ ምንም የሚያቃስት የለም። በየጠረጴዛው ላይ የሥራው ደረጃ በአጭር በአጭሩ የተጻፈበት ካርድ አለ፤ መንገድ የጠፋበት ልጅ መምህሩን ሳይጠብቅ ካርዱን አይቶ ይመለሳል። የመምህሩ ወንበር ላይ ግን አልተቀመጠችም። አንድም ዘመኗን ሙሉ ተጸይፋዋለች፤ ሁለተኛም ምን እንደሆነ የምታውቅ መስሏታል።

ሰኞ ጠዋት ገምጋሚዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። መምህርቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጋሼ ጸጥታ ገባ።

«ጸጥታ!»

ክፍሉ አስቀድሞ ጸጥ ብሏል። ቃሉ የሚያርፍበት አጥቶ ተንሳፈፈ። ድሮም ተቀምጦ ነው የሚያስተምረው፤ ጉልበቱን ማመም ከጀመረው ወዲህ ደግሞ ጭራሽ አይነሣም፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ክፍልፋይ ማባዛት። ጻፉ። ሦስት አራተኛ ሲባዛ በሁለት አምስተኛ።»

ልጆቹ አጎነበሱ። እሱ ቀና አለ። ከፊቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቻርት ተደርድሯል፤ መካከላቸው ሰዓቱ ይቀጠቅጣል። ከራሱ በላይ አምፖሉ ያቃስታል። በበሩ መስታወት የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ይዛ አለፈች፤ ተመልሳ አለፈች። ዓይኑ ተከትሏት ሄደ።

«ሁለተኛው። አምስት ስድስተኛ ሲባዛ በ… በ…» ሰዓቱን አየ። «በሦስት ሰባተኛ። አይ፣ አንደኛውን ነው ያልኩት። በሁለት ሰባተኛ።»

«አንደኛው በሁለት አምስተኛ ነው ያሉን ጋሼ» አለ አንድ ልጅ በትሕትና።

«ያልኩትን አውቃለሁ!»

መምህርቷ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቀጥል፣ አለች በሆዷ፤ ቀጥል።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ኳ ኳ፣ ኳ ኳ። ብረት ነው።

«ማነው የሚያንኳኳው?»

ማንም ቀና አላለም። ኳ ኳ፣ ኳ ኳ።

«ማነው አልኩ! አንቺ ነሽ! ንቢቱ!»

ንቢቱ ከፍ ካለው ጠረጴዛ ፊት ቆማ እያንጎራጎረች ትሠራ ነበር። እርሳሷን አቆመች። «እኔ አይደለሁም ጋሼ።»

«ውጪ!»

«እግርዎ እኮ ነው» አለች ልጅቷ። ልትሳደብ አልነበረም፤ ተጠይቃ መመለሷ ነበር። ክፍሉ ሁሉ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ባልተዘጋው ጠረጴዛ ሥር የጋሼ ጸጥታ እግር እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ እየተነሣ ይወርዳል፤ ተረከዙ አግዳሚውን ቱቦላሬ ይመታል። ኳ ኳ፣ ኳ ኳ።

እሱም ወደ ታች አየ። እንደ ሌላ ሰው እግር አየው። ፊቱ ደም ለበሰ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ወርውሮ ተነሣ።

«ወንበሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ይህ ወንበር የተበላሸ ነው! ይወዛወዛል!»

መምህርቷ ይህን ቃል ስንት ዘመን እንደጠበቀችው ራሷም ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ከግድግዳው ሳትላቀቅ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰችለት።

«ወንበሩ አይደለም ጋሼ። እርስዎ ነዎት።»

የሳቀ አልነበረም። እሱ ግን የሳቁ ይመስል ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያም ወደ ገምጋሚዋ ዞረ።

«አዩ አይደል? እንዲህ አድርገው የዕብድ ቤት አደረጉት! እዚህ ማን ያስተምራል? እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ አንድ ጥያቄ አልጨረስኩም። ልጆቹን ወደ ኋላ ክፍል፣ ዕቃውን ወደ መጣበት!»

«እውነትም ትምህርቱ እንግዲህ… ተቋርጧል» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ማንን መምሰል እንዳለበት ገና አልወሰነም።

መምህርቷ ከግድግዳው ተላቀቀች። ወንድሟ ያላትን አሁን ሰማችው። እሱን እጥላለሁ ብላ ልጆቹ የቆሙበትን ነቅላ ይሆን? ንቢቱ አሁንም እንደቆመች ነው፤ «ውጪ» የተባለችው መውጣት ይሁን መቅረት ሳታውቅ አንዴ በሩን፣ አንዴ ደብተሯን ታያለች።

ገምጋሚዋ ተነሥታ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። በረድፎቹ መካከል ሄደች፤ ደብተር አነሣች፣ መለሰች፣ ሌላ አነሣች። ንቢቱ ጋ ስትደርስ ቆየች።

«ሁለተኛውን ጥያቄ የትኛውን ሠራሽ? መምህሩ ሁለት ዓይነት ነው ያሉት።»

«ሁለቱንም» አለች ንቢቱ። «የቱ እንደሆነ እስኪነግሩን ብዬ።»

ገምጋሚዋ ባዶ የነበረ የልጅ ወንበር አገኘችና ተቀመጠች። ጉልበቷ ጠረጴዛውን ነክቶ ትንሽ ተቸገረች። ወደ ሰሌዳው አየች፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ሰዓቱ ከጀርባዋ ሲቀጠቅጥ እንኳ ጆሮዋ የለመደው መሰለ።

«ከዚህ ሆኜ ሳየው የሚረብሽ ነገር አላገኘሁም» አለች በመጨረሻ። «ከእርስዎ በቀር።»

ጋሼ ጸጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ።

«ልጆቹ ያለ እርስዎ ሥራቸውን ጨርሰዋል። የተቋረጠው የእርስዎ ነው።» ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። «የኋላ ክፍሉን ዕቃ ቤት አድርጉት፤ ድሮም እሱ ነው። እሳቸው ደግሞ የሚቀመጡበት እስኪስተካከል ቢሮ ይቆዩ።»

ስትወጣ መምህርቷ አጠገብ ቆመች። የኋላውን ግድግዳ፣ ሰዓቱን፣ አምፖሉን በዓይኗ ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የልጆቹን በኩል የሠራው እጅና የእሳቸውን በኩል የሠራው እጅ አንድ ነው?»

መዋሸት አልሆነላትም። «አንድ ነው።»

«እንግዲያው በዚያው እጅሽ የእሳቸውንም አስተካክይ። ልመና እንዳይመስልሽ።»

ሁሉም ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ሲቀር መምህርቷ የተገለበጠውን ወንበር አነሣችና ወለሉ ላይ አቆመችው። ከዚያ ተቀመጠችበት። ወደ ቀኝ ጫነች፤ ወደ ግራ ጫነች። ወንበሩ ወለሉን ይዞ ዝም አለ። አንስታ ሌላ ቦታ አስቀመጠችው፤ እንደ ተተከለ ነው። አራቱም እግሮች እኩል ናቸው።

ወርክሾፑ ስትገባ ሰላምታም አላስቀደመችም። «ወንበሩን አላሳጠርከውም!»

«አላሳጠርኩም።»

«ለምን?»

ወንድሟ ጓንቱን አወለቀ። «ቢወዛወዝ ኖሮ ወንበሩ ነው ብሎ ይተርፍ ነበር። መውጫ ለምን እሰጠዋለሁ?»

አጠገቡ ያለ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እታለም፣ አንቺ በመስታወት ያየሽኝ አንድ ቀን ነው። እኔ እዚያ ስንበረከክ ነው የከረምኩት። ከጠረጴዛው ጎን ተንበርክኮ ወለል ወለሉን የሚያይ ልጅ ምን የሚያይ ይመስልሻል? እግሩን ነዋ! ቀን ሙሉ እንዲህ ነው።» በመዶሻው እጀታ ጠረጴዛውን መታ፤ ኳ ኳ። «ምንጣፍ ነበረው፣ ድምፅ እንዳይሰማ። እሱም እንደ እኔ ነው። እኔን አንበርክኮ ራሱን ያስታግሣል።»

«ታውቅ ነበር? ይህን ሁሉ ዘመን?»

«ልጅ ነበርኩ፤ ብናገር ማን ያምነኛል? አድጌ ደግሞ የምነግርበት ቀን አልመጣም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ለእሱ አዲስ ጠረጴዛ ሥራልኝ ስትዪኝ መጣ።»

«ፊቱን አትዝጋው ግን አላልኩህም።»

«ላሜራ አለቀብኝ አልኩሽ አይደል?» አለና ጥግ ላይ የተቆለለውን ላሜራ ሳያፍር አሳያት።

በማግስቱ ጋሼ ጸጥታ ባዶው ክፍል ውስጥ አገኛት። ቢሮ የዋለበት አንድ ቀን አክስቶታል፤ ኮቱ እንኳ የሰፋው ይመስላል። ከልጆቹ ወንበር ሥር ያለውን ላስቲክ በጫማው ጫፍ ነካ፤ ላስቲኩ ተለጥጦ ያለ ድምፅ ተመለሰ።

«ይህ ነገር…» አለ። «ለትልቅ ሰው ይሆናል?»

«ይሆናል።»

«እንግዲህ አንድ…»

«የሚሠራው ወንድሜ ነው» አለችው። «ሄደው ይዘዙት። አይጠፋዎትም፤ ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል። እርስዎ ነዎት ያወጡለት።»

ላስቲኩን በእጇ መውጠር ትችል ነበር። ሰዓቱን ለማውረድ፣ አምፖሉን ለማስቀየር፣ ቻርቶቹን ወደ ጎን ለማዛወርም አንድ ከሰዓት ይበቃት ነበር፤ ቆይታ ሁሉንም አድርጋዋለች። ይህን አንዱን ግን በእግሩ ሄዶ እንዲያመጣው ፈለገች፤ ቀድማውም ወርክሾፑ ሄዳ ጥግ ላይ ቆመች።

ጋሼ ጸጥታ ከበሩ ላይ ስሙን አነበበ። ገባ። ወንድሟ እየበየደ ነበር፤ የብየዳውን ስፌት ሳይጨርስ ቀና አላለም። ሽማግሌው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተዛወረ ጠበቀ።

«ዝም ብለው ይቁሙ ጋሼ» አለ ወንድሟ ከመከለያው ውስጥ። «ይረብሹኛል።»

ጋሼ ጸጥታ ቆመ። መቆም ግን አልሆነለትም፤ ሁለቱም አዩት።

ወንድሟ መከለያውን አነሣና አንድ ወንበር መካከል አቆመ። «ላስቲኩ እዚህ ሥር ነው የሚገባው። ከፍታውን እርስዎ ነዎት የሚያሳዩኝ፤ ተረከዝዎ የት እንደሚመታ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«እዚህ ጋ» አለ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ።

«ጎንበስ አይበቃም። ከሥር ነው የሚታየው።»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«እኔንም ያመኝ ነበር» አለ ወንድሟ፤ በለዘበ ድምፅ ነው ያለው።

ጋሼ ጸጥታ ወንበሩን ይዞ፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ጉልበቱን የብረት ፍቅፋቂ የሞላበት ወለል ላይ አሳረፈ። በጣቱ የወንበሩን እግር ነካ። «እዚህ ጋ» አለ። ከወለሉ ቀና ሳይል፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ ጨመረበት። «የወንበሩ እግር አጭር ነበር። ያኔ። አውቄው ነበር።»

ወንድሟ ጠመኔ አንሥቶ ምልክት አደረገ፤ መከለያውን አወረደ፤ ወደ ጀመረው ስፌት ተመልሶ እስከ ጫፉ በየደው። ሰማያዊው ብርሃን የተንበርካኪውን ሰው ጥላ ግድግዳው ላይ ይጥላል፣ ያጠፋል። ስፌቱ ሲያልቅ መከለያውን ገለበጠ፤ የሽማግሌውን ብብት ይዞ ደገፈው።

«በቃ፣ ይነሡ ጋሼ። ሐሙስ ይውሰዱት።»

ለወንድሟ በቅቶታል፤ ፊቱ ላይ አነበበችው። ለእሷ ግን ሽማግሌው ተንበርክኮ የቆየበት ስፌት ትንሽ አጠረባት።